የቀይ ታኮው ነገር

«እኔ ሰው አልጠይቅም» አለች መርማሪዋ የመኪናውን መስታወት ዝቅ እያደረገች። «ዕቃ ነው የምጠይቀው። ሰው ይዋሻል፣ ያለቅሳል፣ በልጆቹ ይምላል። ዕቃ ግን ያስቀመጡት ቦታ ቁጭ ብሎ እውነቱን ይነግርሃል። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድም ዕቃ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ሳጅኑ መሪውን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። ይህችን ንግግር በቃሉ ያውቃታል። ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ሳይሳሳት ይወጣታል።

«ዛሬስ ማንን ነው የምንጠይቀው፣ አለቃዬ?»

«የሃዲድ ጋሪ።»

«ጋሪው ጠበቃ ይምጣልኝ ካለስ?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ግን ቀኑን ሙሉ ስትሠራ እንደዋለች ሁሉ ደክሟታል። መርማሪዋም እንደዚያው። በዚህ ሳምንት ይህ ሦስተኛ አስከሬኗ ነው። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት የጫማዋን ኋላ ረግጣ ነጠላ ጫማ አስመስላዋለች። ስልኩ የጮኸው ፊቷን ሳትታጠብ ነው፤ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አንድ የመንግሥት ሰው ጋሪ ሥር ሞቶ ተገኝቷል፣ አደጋ ይመስላል፣ መጥተሽ ፈርመሽ ሂጂ አሏት። ፈርሞ መሄድ ብቻ ከሆነማ ምን ችግር አለ ብላ ተነሳች። እስከ ምሳ ሰዓት ጨርሳ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ልትነክር አስባለች።

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ጥግ ላይ የተለጠፈ ነው። የሰው ባቡር ከቀረበት አስራ ዘጠኝ ዓመቱ። በሳምንት ሁለት ቀን የጭነት ባቡር ያልፋል፤ ያውም አንገቱን እንኳ ሳያዞር። ሰዉ ጣቢያውን ረስቶት ነበር። አምና ግን መንግሥት አዲስ በጀት መደበ፤ የሰው ባቡር ራቅ ወዳሉት ከተሞች ሁሉ ሊደርስ ነው ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ መንደርተኛው በሙሉ የባቡር ዐዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ። ሃዲዱ በየት ይለፍ፣ ጣቢያው የት ይሁን የሚለውን አጥንቶ የሚያቀርብ ባለሙያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተላከ። ሰውየው መለኪያው ከእጁ ስለማይለይ «ሜትሮ» አሉት። እሱም ሜትሮ ሲሉት አቤት ይላል።

ይል ነበር፣ ማለት ነው።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ቁልቁል የሚወርድ አጭር ሃዲድ አለ። ጫፉ በወፍራም ግንድ ተዘግቷል። ሜትሮ እዚያ ግንድ ሥር ተንበርክኮ ሲለካ ነው ጋሪው ከላይ ተንደርድሮ የመጣበት። ጋሪው ጠፍጣፋ ነው፤ አራት የብረት ጎማ አለው፤ ቁርጥራጭ ብረት ተጭኖበታል፤ ፍሬኑ ከሞተ ቆይቷል። ሰውየውን ከግንዱ ጋር አጣብቆ ዝም ብሏል።

«ጋሪው ሲመጣ አይሰማም እንዴ?» አለ ሳጅኑ። «ይሄ ብረት እኮ ሲሄድ ሙት ይቀሰቅሳል።»

መርማሪዋ በጣቷ አሳየችው። የሜትሮ ጆሮ ላይ ትልቅ ማዳመጫ አለ። ሳጅኑ ጎንበስ ሲል ማዳመጫው አሁንም ያንሾካሹካል። አንድ ዘፋኝ ለሞተ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍን አድሯል። ሳጅኑ ስልኩን ፈልጎ አጠፋው፤ ከዚያ በኋላ ቀልድ አልመጣለትም።

ከሟቹ አጠገብ ውሃ ልክና ማስታወሻ ደብተር ወድቀዋል። ሜትሮ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ እያንዳንዱን ልኬት ከነሰዓቱ ይጽፋል። የመጨረሻው «11፡25» ይላል። ሐኪሙም ትናንት አመሻሹ ላይ ነው የሞተው ብሎ ሄዷል።

መርማሪዋ ጉልበቷ ቋ እያለ ቁጢጥ አለች። ከጋሪው የፊት ጎማ ሥር፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት ተሰክቷል። ጎማ እንዳይንሸራተት የሚሰካ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ታኮ ነው። ዝም ብሎ የገባ አይደለም፤ በእግር ተረግጦ በወጉ ጥብቅ ብሏል።

ተነስታ ሽቅብ ስድሳ እርምጃ ቆጠረች፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየረገመች። ከላይ ጋሪው የሚቆምበት ቦታ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ጓጉንቸሩ ክፍት ነው፤ አልተሰበረም። ከሃዲዱ ላይ አቧራ ያልነካው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ የታኮው አልጋ።

«ሳጅን፣ ጋሪው እዚህ ነበር፤ ታኮውም እዚህ ነበር። አሁን ሁለቱም ታች ናቸው።»

«አብረው ተንሸራተው ይሆናል።»

«ታኮ ጋሪ ተከትሎ ሮጦ፣ ቀድሞት ደርሶ፣ ከፊቱ ይገባል?»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ለብ ያለው ውሃ ግን ለዛሬ እንደቀረባት ያን ጊዜ ገባት።

አስከሬኑን ያገኙት የጣቢያው ጽዳት ናቸው። ሁሉም «እማማ ጽዳት» ይሏቸዋል። ባላቸው የጭነት ባቡር ፍሬን ያዥ ነበሩ፤ ሞተዋል። እማማ ጽዳት መጥረጊያቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ቆመዋል።

«አስከሬኑን ነክተዋል፣ እማማ?»

«ምን ልሁን ብዬ! እኔ ሬሳ አልነካም። ጩኸቴን ለቀቅኩት እንጂ።»

«ጥሩ አደረጉ።»

«ግን ልጄ፣ እኔ በዚያ በላይኛው መንገድ ስመጣ…»

«በኋላ፣ እማማ። እኔ ሰው ብዙ አልጠይቅም፤ ዕቃ ነው የምጠይቀው።»

እማማ ጽዳት ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ዓይናቸው የተረገጠው ጫማዋ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ዕቃ?»

«አዎ፣ ዕቃ።»

«እሺ እንግዲህ» አሉና ወደ መጥረጋቸው ሄዱ።

የጣቢያው ሹም ቢሮ እንደ ሠርግ ቤት ተሰናድቷል። ግድግዳው አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ የነሐሱ ደወል ያብለጨልጫል፤ ባንዲራዎቹ ተጠቅልለው ቆመዋል። ሹሙ ቆቡን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አደጋ ነው» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ፊሽካ ነው የረሳው። አርጅቷል እኮ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሪውን መልሶ ያቆመው እሱ ነው። ቆልፌያለሁ ይላል። ምን ይበል ታዲያ?»

ፊሽካ የሚባለው ሃዲድ ቀያሪው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ፊሽካ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም።

«የጓጉንቸሩ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ ፊሽካ ኪስ፤ አንዱ ይኸው፣ ሚስማሩ ላይ።»

«ሜትሮን ይወዱት ነበር?»

«እንዴት አልወደው! ባቡር ሊያመጣልኝ የመጣ ሰው።» ሹሙ በመስኮቱ ወደ መሳፈሪያው አየ። «ሰላሳ አንድ ዓመት እዚህ ነኝ። የሰው ባቡር ከቀረ ወዲህ እንኳ በየቀኑ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉን እደውላለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። አሁን ባቡሩ እዚህ በሬ ላይ ነው የሚቆመው፤ ያኔ እንተያያለን።»

«ጥናቱን አይተውታል?»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ! ለበላዮቹ ነው የሚልከው።»

«ትናንት አስራ አንድ ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ከማን ጋር እሆናለሁ?»

ይህን ያለው ሊዋሽ ፈልጎ አይመስልም ነበር። ደክሞት ነው ያለው። መርማሪዋ ድካም ስታይ ታውቃለች፤ የገዛ እግሯን አይታ።

ፊሽካ ከውጭ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ሊነሳላት ሲሞክር ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

«ቆልፌያለሁ» አለ። «ታኮውንም አድርጌያለሁ። አርባ ዓመት አንድ ጋሪ አምልጦኝ አያውቅም፣ እህቴ። ትናንት ነው እንዴ የሚያመልጠኝ?»

«ጋሪውን ካቆሙ በኋላ የት ሄዱ?»

«ልጄ ወልዳለች። ሆስፒታል ናት። በአስራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ወረድኩ፤ የማደሪያ ልብሷን ይዤ፣ እዚያው አደርኩ።» ቆቡን አወለቀ፤ ከቆቡ ጠርዝ ውስጥ የተቀደደ ትኬት አወጣ። የትናንት ቀን አለው። የጋሪው ቁልፍም በገመድ ታስሮ ከፊሽካው ጋር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሳጅኑ መርማሪዋን ወደ ጎን ወሰዳትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለቃዬ፣ ትኬቱ አይጠቅመውም። ሳይቆልፍ ሄዶ ከሆነ ጋሪው እሱ በሌለበትም ይንሸራተታል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ሦስት ዓመት ይፈረድበታል። ለጡረታ የቀረው ደግሞ አንድ ወር ነው።»

ፊሽካ ጆሮው ደህና ነው፤ ሰምቷል። «የልጅ ልጄን እስር ቤት ሊያመጡልኝ ነው» አለ ለባልዲው ይመስል። «ገና ስም አልወጣላትም እኮ።»

መርማሪዋ ትኬቱን ኪሷ ከታ ወደ ጣቢያው በር አመራች።

ባለአውቶቡሱ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት መኪናው ሥር ተኝቶ ዘይት ይቀይራል። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። እግሩ ራሱ ሳቂታ ነው።

«መጣሽ?» አለ ከሥር። «ስጠብቅሽ ነበር። ባቡር ሲመጣ አውቶቡሱ ይሞታል፤ ስለዚህ ሜትሮን የገደለው ባለአውቶቡሱ ነው። ከተማው በሙሉ ፈርዶብኛል፤ የቀረው የአንቺ ማኅተም ነው።»

«ውጣና አናግረኝ።»

«ዘይቱ ይፈስብኛል፣ እህቴ። ጠይቂ እሰማለሁ።»

«ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማን ነዳ?»

«እኔ ራሴ። ፊሽካ ከኋላዬ ወንበር ላይ እስከ ሆስፒታሉ በር አንኮራፋብኝ። ፊሽካውን አፉ ውስጥ አድርጎ ነው እንዴ የሚተኛው ብዬ ዞሬ አየሁ።»

«ባቡሩ አያሰጋህም?»

ሰውየው አሁን ወጣ። ፊቱ በዘይት ዥንጉርጉር ሆኗል፤ ጥርሱ ብቻ ነጭ ነው።

«ለማንም እንዳትነግር ብሎኝ ነበር፤ ይኸው እሱ ሞተ፤ ማንን እፈራለሁ? ባቡሩ እዚህ አይመጣም። ይሄ መንገድ ኩርባ ነው፣ ዳገት ነው፤ አዲሱ በጀት ደግሞ ለፈጣን ባቡር ነው። አዲስ ሃዲድ በሜዳው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጣቢያው ከዚህ ሰባት ኪሎ ሜትር ርቆ ይሠራል። ሰዉን ከከተማ እዚያ ድረስ ማን ያደርሰዋል? እኔ! ሜትሮን ልገድለው ቀርቶ ቢያስነጥሰው ማር አጠጣው ነበር።»

«መቼ ነገረህ?»

«ሰኞ ጠዋት።»

ዛሬ ሐሙስ ነው።

መርማሪዋ ወደ መሳፈሪያው ተመልሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ጫማዋን አውልቃ ጣቶቿን አፍታታች። ሳጅኑ ዞር ብሎ ያላየ መሰለ። ወንበሩ ግማሹ አዲስ አረንጓዴ ነው። ግማሹ አሮጌ፣ ፀሐይ የበላው እንጨት። ቀለሙ ከሦስተኛው ጣውላ መሀል ላይ ድንገት ቆሟል፤ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ እንደመነሳት ዓይነት። ከወንበሩ ሥር የቀለም ጣሳ አለ። የብሩሹን እጀታ ይዛ ሳብ ስታደርገው ጣሳው አብሮ ተነሳ።

ቀለሙ ከነብሩሹ ደርቋል።

«ሰነፍ ነው» አለ ሳጅኑ።

«ሰነፍ ሰው ደወል ሲወለውል አይከርምም። ይሄ ሰውዬ ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ጣሪያ ሳይቀር ቀብቷል። እዚህ ሲደርስ ግን ብሩሹን እንኳ ሳያነሳ ተነስቶ ሄደ።» ጣሳውን አወዛወዘችው፤ ድንጋይ ሆኗል። «ይሄ ቀለም ትናንት የተተወ አይደለም። ሦስት ቀን ይሆነዋል።»

ከዚያ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። የስልኩ ልጅ አምስት ጊዜ ጠብቂ አላት፤ በስድስተኛው የምትፈልገውን ነገራት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በመንገደኞች ማረፊያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሙቀቱ ጣራው ላይ ቁጭ ብሎ ቁልቁል ይጫናል። ሹሙ ከትኬት መሸጫው መስኮት ጎን ቆመ። ፊሽካ ባልዲውን ይዞ መጣ። ባለአውቶቡሱ እጁን በጨርቅ ያብሳል። እማማ ጽዳት ጥጋቸውን ይዘዋል። መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀመጠች፤ ቀዩን ታኮና የደረቀውን የቀለም ጣሳ።

«አደጋ ነው አላችሁኝ» ብላ ጀመረች። «ጋሪው አልተቆለፈም፣ ተንሸራተተ፣ ሰው ገደለ። ፊሽካ ረሳ። ቀላል ነው፤ እኔም ደክሞኛል፤ ፈርሜ መሄድ እችል ነበር። ግን ይሄ ታኮ እምቢ አለኝ። ታኮው ከላይ ነበር፤ ምልክቱ አለ። የተገኘው ግን ታች፣ ከጎማው ፊት፣ በእግር ተረግጦ የተሰካ ሆኖ ነው። አምልጦ የሄደ ጋሪ ለራሱ ታኮ አያደርግም። ስለዚህ ጋሪው ከቆመ በኋላ አንድ ሰው ታኮውን ይዞ ወደ አስከሬኑ ወርዷል። ሰውየው ሞቶ እያየ ለማንም አልተናገረም።»

«ልጄ…» አሉ እማማ ጽዳት።

«አንዴ፣ እማማ፤ ልጨርስ። ማን ነው እዚያ ቆሞ፣ ሰው ገድሎ፣ ለጋሪ ታኮ የሚያደርገው? ባለአውቶቡሱ?»

«እኔ ለራሴ አውቶቡስም በስንት ጭቅጭቅ ነው!» አለ ባለአውቶቡሱ።

«አያደርግም። ታኮ የሚያደርገው እጁ የለመደ ሰው ነው። የባቡር ሰው። የቆመ ነገር ሲያይ ሳያስበው ታኮ የሚሰካ። እማማ ደግሞ እንኳን ጋሪ ሊለቁ ሰንሰለቱን የሚያነሱበት አቅም የላቸውም።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ እማማ ጽዳት፤ ከልባቸው ተቀይመው።

«ቀሩ ሁለት። ፊሽካ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነበር፤ ትኬቱ አለ፤ የማንኮራፋቱ ምስክርም አለ። ሜትሮ አስራ አንድ ከሃያ አምስት ላይ በሕይወት ሆኖ ይጽፍ ነበር። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። የፊሽካ ቁልፍ ከአንገቱ አልወረደም። ሌላው ቁልፍ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።»

ሹሙ አልተንቀሳቀሰም።

«ለምን እገድለዋለሁ?» አለ ቀስ ብሎ። «ባቡር ሊያመጣልኝ…»

«ባቡሩ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር።» ጣሳውን በብሩሹ አንጠልጥላ አሳየችው። «ሁለት ወር ሙሉ ሲቀቡ ከርመው ሰኞ ዕለት ብሩሹን እዚሁ ትተው ተነሱ። ባቡር የሚጠብቅ ሰው ወንበሩን ይጨርሳል። ጠዋት ግን እዚህ በሬ ላይ ይቆማል አሉኝ። ለምን ዋሹኝ?»

ሹሙ ቆቡን አወለቀና ውስጡን አየ፤ የሆነ ነገር እንደጠፋው።

«ወንበሩን ስቀባ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ» አለ። «‹ጋሼ፣ ይሄን ቀለም አያባክኑ› አለኝ። በደግነት ነው ያለኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ለምኜዋለሁ። አንዲት ማቆሚያ ጻፍልኝ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ይቁም አልኩት። ‹ጋሼ፣ በጀቱ ለፍጥነት ነው› አለኝ። እሱንም ቻልኩት። ትናንት ግን እዚያ ታች ተንበርክኮ ሲለካ አየሁትና ምን ትለካለህ አልኩት። ሃዲዱን ለማንሳት ነው አለኝ። አሮጌ ብረት ተብሎ ሊነሳ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መልሶ ሥራውን ቀጠለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ታኮውን አውጥቼ የት እንደወረወርኩት እንኳ አላስታውስም። ወርጄ አየሁት። ተመልሼ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደወሉን ደወልኩ።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀይ እንጨት አየ። «ታኮ ማድረጌ ትዝ አይለኝም። ግን ሳላደርግ አልቀርም። እጄ ነው ያደረገው። ሰላሳ አንድ ዓመት የቆመ ጋሪ ያለ ታኮ ትቼ አላውቅም። ጥናቱ ሳይላክ ቢቀር ብዬ…»

«ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተልኳል» አለች መርማሪዋ። «ደውዬ ጠይቄያለሁ።»

ሹሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ባቡር ዘግይቷል እንደተባለ መንገደኛ። ሳጅኑ የተናገረውን ጽፎ አቀረበለት፤ በቆንጆ የቢሮ ፊርማው ፈረመ። ፊሽካ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ያለቅሳል፤ ለራሱ ይሁን ለሹሙ አልለየም።

መርማሪዋ እንዳይታይባት እየጣረች ጀርባዋን ቀና አደረገች። ደክሟታል፤ ግን ደስ የሚል ድካም ነው። «ይኸው፣ ሳጅን» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ። «ዕቃ አይዋሽም ብዬህ ነበር። አንዲት ታኮ ባትኖር ፊሽካ ነበር ዛሬ ካቴና የሚገባው።»

«ይሄ ሁሉ ወሬ ለታኮዋ ነው እንዴ?» አሉ እማማ ጽዳት።

«ለእሷው ነው፣ እማማ።»

«እሷንማ ያደረግኳት እኔ ነኝ።»

ባለአውቶቡሱ እጁን ማበሱን አቆመ።

«ምን አሉ?»

«ጠዋት በላይኛው መንገድ ስመጣ ሳር ውስጥ ተጥላ አገኘኋት። ጋሪው ደግሞ ቦታው የለም። አንስቻት ስወርድ ሰውየውን አየሁት። ጋሪው ተጭኖታል። ደግሞ ተነቃንቆ ሰውነቱን እንዳያበላሸው ብዬ ከፊቱ ሰካኋት፤ ረገጥ ረገጥ አደረግኳት፤ ከዚያ ጮህኩ። ባሌ ነው ያስተማረኝ፤ ነፍሱን ይማረውና። የባቡር ሰው ሚስት ለዚህም አትጠፋም።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ሹሙ ዞረ። እሱ ግን ሁለቱን እጆቹን ገልብጦ ያያቸዋል።

«እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለ። «ጋሪውን ያለ ታኮ ትቼው ሄድኩ?»

ሰው ገደልኩ ሲል ያላጎነበሰው አንገቱ አሁን ጎነበሰ።

ሳጅኑ የተፈረመበትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈበት። መርማሪዋን ላለማየት ጣራ ጣራውን ያያል።

«እማማ!» አለች መርማሪዋ፤ ድምጿ ቀጥኖ። «ይሄን ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» እማማ ጽዳት መጥረጊያቸውን አነሱ። «ሬሳ ነክተዋል ወይ አልሽኝ፤ አልነካሁም። ልነግርሽ ስል ዕቃ ነው የምጠይቀው አልሽኝ። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ታቅፈሻት ስትዞሪ፣ ታኮዋን አልጠየቅሻትም እንዴ?»